ስለ ብርሃን መለኪያና ስለ ሰው ፊት

ከሐረር ተነሥቶ ባቢሌን አልፎ፣ ድንጋይ ድንጋይን ተሸክሞ በቆመበት በዳካታ ሸለቆ በኩል ወጥቶ፣ የካራማራን ተራራ በማርዳ ተሻግሮ ወደ ጅግጅጋ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከተማይቱን ከማየቱ አስቀድሞ ብርሃኗን ያያል። ሜዳው ጥላ የሚጥል ዛፍ እምብዛም የለውም፤ ቦታው ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለ በመሆኑ አየሩ ቀጭን ነው፤ ከምድር ወገብም 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚርቅ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ አናት ተጠግታ ትቆማለች። ስለዚህ በኖራ ከተለቀለቀው ግንብ፣ ከነጣው አቧራና ከቆርቆሮው ክዳን የሚመለሰው ነጸብራቅ ከሰማይ ከሚወርደው ብርሃን ጋር ተገናኝቶ በመካከል የቆመውን ሰው ከላይም ከታችም ይከበዋል፤ ፊቱ ግን በጥምጥሙ ወይም በሻሹ ጥላ ሥር፣ ዓይኖቹም በቅንድቡ አጥንት ጥላ ሥር ጠይመው ይቀራሉ።

በዚህ ብርሃን መካከል ቆሞ የሰውን ፊት በፊልም ላይ ሊቀርጽ የሚወድ ሰው የትኛውን ካሜራ ይምረጥ የሚለው ነገር ላይ ላዩን ሲሰሙት የገበያ ጉዳይ ይመስላል። ዛሬ ብዙ ወጣቶች ወደ ፊልም ተመልሰው፣ ይልቁንም ሬንጅፋይንደር የሚባለውንና በሆዱ ውስጥ የብርሃን መለኪያ የያዘውን ካሜራ እየፈለጉ፣ ቦዲን ከቦዲ ዋጋንም ከዋጋ ሲያስተያዩ እሰማለሁ፤ ደስም ይለኛል። ነገር ግን በዚህ ምርጫ ውስጥ ከዋጋ የሚበልጥ ጥያቄ ተሰውሮ አገኛለሁ፤ ይኸውም መለኪያ የሚናገረው ቃል ፍርድ ነውን ወይስ ምስክርነት፣ ነባቢትና ለባዊት ነፍስ የተሰጠችው ሰውስ ከማስተዋሉ ምን ያህሉን ለመሣሪያ ማስረከብ ይገባዋል የሚለው ነው። ካሜራ ሊገዛ ገንዘቡን የሚቆጥር ወጣት ይህን ጥያቄ ባያነሣው እንኳ፣ የመረጠው ካሜራ በእርሱ ፈንታ መልስ ይሰጥበታል።

መለኪያው የሚያውቀው ብርሃንን ብቻ ነው። ከሌንሱ ፊት ካለው ነገር ተመልሶ የመጣውን ብርሃን ይቀበላል፤ የመለሰው ግን የመስጊድ ግንብ ይሁን፣ የሙሽራ ልብስ ይሁን፣ የአንዲት እናት ጉንጭ ይሁን ለይቶ ማወቅ አልተሰጠውም። ስለማያውቅም ሠሪዎቹ አንድ ግምት አኑረውበታል፤ ይህም ግምት በዓለም ያለው ሁሉ በአማካይ ሲታይ ከሚያርፍበት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን የሚመልስ መካከለኛ ግራጫ ነው የሚል ነው። እንግዲህ ነጭ ግንብ ቢያሳዩት ግራጫ ነገር ከመጠን በላይ በርቶበት መስሎት ብርሃኑን ያሳንሳል፤ ጥቁር ልብስ ቢያሳዩትም ግራጫ ነገር ብርሃን አጥሮበት መስሎት ይጨምራል። ነጭ ልብስ ከሚያርፍበት ብርሃን 90 በመቶ ያህሉን የሚመልስ ስለ ሆነ፣ ከግራጫው ያለው ርቀት ባለሙያዎቹ ስቶፕ በሚሉት መስፈሪያ ከ2 ይበልጣል። አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ወይም እኩሌታ ማድረግ ነውና፣ በ2 ስቶፕ የተታለለ መለኪያ ለፊቱ ከሚገባው ብርሃን ሩቡን ብቻ ሰጥቶታል ማለት ነው። ጥቁር ፊት ያላቸው አንድ ሽማግሌ ነጭ ለብሰው በነጭ ግንብ ሥር ቢቀመጡና ካሜራው እንደ ግምቱ ቢሠራ፣ ግንቡ አመድ መስሎ፣ ልብሱም አድፎ፣ የሽማግሌው ዓይንና የፊታቸው መስመር ሁሉ በጨለማ ተውጦ ይወጣል። ከሁሉ የሚያሳዝነው መሣሪያው በዚህ ጊዜ አለመበላሸቱ ነው፤ የታዘዘውን ሁሉ በታማኝነት ፈጽሟል።

እንዲህ ያለው ግምት በመለኪያው ብቻ ተወስኖ አልቀረም። ካናዳዊቷ ሊቅ ሎርና ሮት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው ጥናት እንደ ገለጠችው፣ የኮዳክን ፊልም የሚያትሙ ቤቶች የቀለሙን ልክ የሚያስተካክሉት የአንዲት ነጭ ሴት ሥዕል ባለበት ካርድ ነበር፤ ጥቁር መልክ ያላቸው ሰዎች በዚያ ልክ ሲታተሙ መልካቸው ቢጠፋም ይህ ጉድለት ለረጅም ዘመን እንደ ጉድለት አልተቈጠረም፤ ፊልሙ የጥቁርንና የቡናማን ልዩ ልዩ ኅብር እንዲለይ የተገፋውም የእንጨት ዕቃና የቸኮላታ ነጋዴዎች ሸቀጣችን በሥዕል ላይ አልለይ አለ ብለው ካመለከቱ በኋላ ነው። የዚህን ነገር ክብደት ቀለል አድርጎ ማለፍ አልችልም። ለጠረጴዛ ጠበቃ ተገኝቶለት፣ በአርአያ ሥላሴ ለተፈጠረው ሰው ፊት ግን ጠበቃ ሳይገኝለት የቆየው፣ ልኩን ያወጡት ሰዎች ክፉዎች ስለ ነበሩ ላይሆን ይችላል፤ አንድን ልክ አውጥቶ፣ ያ ልክ ከማን ፊት እንደ ተወሰደ ረስቶ መኖር ለሰው ሁሉ የሚቀል ነገር ነውና።

የአባቶቻችን ሠዓልያን በዚህ በኩል ሌላ ሥርዓት ነበራቸው። በቤተ ክርስቲያናችን የግድግዳና የብራና ሥዕል ላይ ጻድቃን ፊታቸው በሙሉ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተገልጠው ይሣላሉ፤ ኃጥአንና አጋንንት ግን ብዙውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። በዚያ ሥዕል ውስጥ ፀሐይ ከቀኝ ወይም ከግራ ገብታ የቅዱሱን ጉንጭ እኩሌታ አታጨልምም፤ ብርሃኑ ለፊቱ የሚሰጠው እንደ ክብሩ መጠን ነው። ይህን ስል ፎቶግራፍ ሥዕለ ቅዱሳንን ይምሰል ማለቴ አይደለም፤ በፊልም ላይ የሚቀረጸው ሰው ከነጥላው፣ ከነላቡና ከነአቧራው ሊታይ ይገባል። ሆኖም ከሠዓልያኑ ዘንድ አንድ ነገር መማር ይቻላል፤ ለፊት ምን ያህል ብርሃን ይገባዋል የሚለውን ውሳኔ ከሠዓሊው በቀር የሚወስን አልነበረም፤ ሠዓሊውም የሚሥለው ማንን እንደ ሆነ ያውቅ ነበር።

በጅግጅጋ፣ በአውበሬ፣ በቀብሪ በያህና በቶጎ ጫሌ የሚኖረው ሕዝብ ግን አብዛኛው ሙስሊም ነውና፣ ሥዕለ ፊትን የመሥራት ነገር ራሱ በዚያ ከዕለታዊው ልማድ ሥር የተቀመጠ የሃይማኖት ጥያቄ ነው። በእስልምና ሕያው ፍጥረትን መሣል የተነቀፈ መሆኑን የማያውቅ ሰው የለም፤ ፎቶግራፍ ሲመጣም ሊቃውንቱ ይህ ከተነቀፈው ይቈጠራል ወይስ አይቈጠርም ብለው ተከራክረዋል፤ ዛሬም ክርክሩ አልተዘጋም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶግራፍን ሲፈቅዱ ያቀረቡት ምክንያት ልብ የሚነካ ነው። እንደ እርሳቸው አስተያየት ካሜራ የያዘ ሰው አዲስ አምሳል አይፈጥርም፤ ፈጣሪ በብርሃን አማካይነት የጣለውን ጥላ ይዞ ያቆያል እንጂ። እኔ በሃይማኖታቸው ሕግ ገብቼ ልናገር አልደፍርም፤ ነገር ግን ምክንያቱን እስከ መጨረሻው ለተከተለው ሰው ከፈቃዱ ጋር ግዴታም አብሮ እንደሚመጣ ይታየኛል። ፎቶግራፍ የሰውን ጥላ ይዞ ማቆየት ከሆነ፣ ያ ጥላ በአንሺው እጅ አደራ ነው፤ አደራ ተቀባይም የተቀበለውን ሳያጎድል መመለስ አለበት። «አደር» ብሎ በአክብሮት ጠርቶ ፈቃድ የጠየቀ ወጣት፣ አዛውንቱ እሺ ብለው ከተቀመጡለት በኋላ ዓይንና ግንባር የሌለው ጥቁር ቅርጽ ቢመልስላቸው፣ መለኪያው ነው ያሳሳተኝ ብሎ ከአደራው ሊወጣ የሚችል አይመስለኝም።

በ965 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ገደማ በባስራ የተወለደው ታላቁ ሊቅ ኢብን አል-ሀይሰምም ስለ ብርሃን በጻፈው መጽሐፉ ይህን ነገር ከሥሩ ነክቶታል። ማየት የሚሆነው ከዓይን በሚወጣ ጨረር ሳይሆን ከነገሩ ወደ ዓይን በሚገባ ብርሃን መሆኑን ካስረዳ በኋላ፣ ብርሃን ወደ ዓይን መግባቱ ብቻውን ነገሩን ማወቅ እንዳልሆነ፣ ማወቅ የሚፈጸመው የማስተዋል ኃይል የገባውን ብርሃን ካለፈው ዕውቀት ጋር አስተያይቶ ሲለይ መሆኑን አክሏል። በካሜራ ውስጥ ያለው መለኪያ የመጀመሪያውን ሥራ በሚገባ ይሠራል፤ ሁለተኛውን ግን አይጀምረውም። በአገራችን ሸንጎ ምስክር ያየውን ተናግሮ ይወርዳል፣ የሚፈርደው ዳኛው ነው፤ የሶማሌ ሽማግሌዎችም በባህላዊው ሕጋቸው በሄር ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲዳኙ ቃሉን ከሰሙ በኋላ ነገሩን የሚመክሩትና የሚቈርጡት ራሳቸው ናቸው። መለኪያውም ሊሰጠው የሚገባው ማዕርግ የምስክርነት ማዕርግ ነው።

ይህን የሰማ ሰው ምናልባት መለኪያውን ጨርሶ መተው ይሻላል ይል ይሆናል። በሐረር ይኖር የነበረው ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ አርቱር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1883 ካሜራ አስመጥቶ ራሱን ሲያነሣ መለኪያ አልነበረውም፤ ሥዕሎቹም ባጠበበት ውሃ መጥፎነት እንደ ነጡበት ለቤተ ሰቡ ጽፏል። ጦርነቱ ሊነሣ በተቃረበበት በ1935 ወደ ኢትዮጵያ የመጣው አልፍሬድ አይዘንሽታትም ላይካ ይዞ ነበር፤ የዚያ ዘመን ላይካ በውስጡ መለኪያ አልነበረውም። ሆኖም ያለ መለኪያ መሥራትን እንደ ታላቅነት የሚቈጥሩትን ሰዎች አልከተላቸውም። በጠራ ፀሐይ፣ ፍጥነቱ 100 በሆነ ፊልም፣ ቀዳዳውን 16 መዝጊያውንም 1/125 ማድረግ የታወቀ ደንብ ነው፤ በጅግጅጋ አደባባይ በቀትርም ያገለግላል። ነገር ግን ከአደባባዩ ሁለት እርምጃ ገብቶ የግመል ወተት የሚሸጡ እናቶች ከተቀመጡበት ሸራ ሥር ሲደርሱ ብርሃኑ በብዙ እጥፍ ይወድቃል፤ ዓይናችን ግን ለጥላው ወዲያው ስለሚለምድ መውደቁን አይነግረንም። ሰው በገዛ ዓይኑ ሊታለል እንደሚችል ማመን ትሕትና ነው፤ መለኪያውም ለዚህ ያስፈልገናል፤ ለብርሃን አይለምድምና።

እንግዲህ ምርጫው መለኪያ ካላቸው ከራሳቸው መካከል ነው። ከጥንቶቹ የድሬስደኑ ዛይስ ኢኮን እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣው ኮንታክስ 3፣ ከእርሱም ወገን የተወለደው የሶቪየቱ ኪየቭ 4፣ በአናታቸው ላይ ሴሌንየም የሚባል መለኪያ ተሸክመዋል፤ ባትሪ አይሻም፣ ከካሜራውም አሠራር ጋር አይያያዝም፤ ሰው መርፌውን አይቶ፣ የነገረውን መዝኖ፣ በገዛ እጁ ቀለበቱን ያዞራል። አሠራሩን እወደዋለሁ፤ ግን ሴሌንየም ከዘመን ብዛት ይደክማልና ዛሬ የሚገኙት አብዛኞቹ እውነት አይናገሩም። ላይካ በኤም ተከታታይ ካሜራዎቹ ውስጥ መለኪያ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1971 በኤም 5 ነው፤ ያም መለኪያ ከሌንሱ ኋላ በምትነሣ ትንሽ ክንድ ላይ ተቀምጦ፣ መዝጊያው ሊከፈት ሲል ከመንገድ ዘወር ይላል።

በእኔ አስተያየት ነገሩ በእውነት የተስተካከለው በ1984 በወጣው ኤም 6 ነው። መለኪያው በመዝጊያው መጋረጃ ላይ ከተቀባች ነጭ ክብ የሚመለሰውን ብርሃን አንብቦ፣ በማያው መስኮት ውስጥ ሁለት ቀያይ ቀስቶችን ያበራል፤ አንደኛው ሲበራ በዝቷል ወይም አንሷል ማለቱ ነው፤ ሁለቱ እኩል ሲበሩ በእርሱ ግምት ልክ ነው ማለቱ ነው። ከዚህ አልፎ እጁን አያስገባም። ባትሪው ቢሞት እንኳ መዝጊያው በሜካኒክ የሚሠራ ስለ ሆነ በፍጥነቶቹ ሁሉ ያገለግላል፤ ምስክሩ ቢታመም ሸንጎው አይበተንም። ዋጋው ግን ከብዙ ሰው አቅም በላይ ነው፤ ስለዚህ የጃፓኑ ኮሲና በ2000 በፎይክትሌንደር ስም ያወጣውን ቤሳ አር እመክራለሁ፤ እርሱም ምክር ብቻ የሚሰጥ መለኪያና በሜካኒክ የሚሠራ መዝጊያ አለው፣ አሮጌ ባለ ብሎን ሌንሶችንም ይቀበላል።

ከእነዚህ በተቃራኒ የቆሙትን ሳይ የምጠነቀቅበት አንድ ነገር አለ። ከ1966 ጀምሮ የተሠራው ያሺካ ኤሌክትሮ 35 የመዝጊያውን ፍጥነት ራሱ ይመርጣል፤ ምን ያህል እንደ መረጠም በቍጥር አይነግርም። የ1972ቱ ካኖኔት ኪው ኤል 17 ጂ 3ና በ1980 ገደማ የወጣው ሚኖልታ ሲ ኤል ኢ ደግሞ ሰው ራሱ እንዲመርጥ ይፈቅዳሉ፤ ነገር ግን ሰውየው በራሱ ፈቃድ ሊሠራ ወደ እጅ አሠራር ባዞራቸው ጊዜ መለኪያቸው ይዘጋል። ሲታዘዙት ብቻ የሚናገር፣ የራስን ፍርድ ሊሰጡ ሲነሡ የሚያኮርፍ አማካሪ ለማንም አይጠቅምም፤ ምክር የሚያስፈልገው ሰው ኃላፊነቱን በራሱ ላይ በወሰደበት ሰዓት ነውና። ሦስቱም ጥሩ ሌንስ ያላቸው፣ የሚወደዱ ካሜራዎች መሆናቸውን አልክድም። የ2002ቱ ላይካ ኤም 7 ከእነርሱ ይሻላል፤ በራሱ ይሠራል፣ ነገር ግን ሰው ሲቃወመው ይሰማል፣ በእጅ ሲያሠሩትም መናገሩን አይተውም፤ ባትሪው ሲያልቅ ግን የሚቀሩለት 1/60ና 1/125 ብቻ ናቸው። የ1999ኙ ኮኒካ ሄክሳር አር ኤፍ ያለ ባትሪ ጨርሶ አይሠራም፤ ወደ ሩቅ መንደር ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ብልኆች የሆኑ ሰዎች የሚያቀርቡት ተቃውሞ አለ፤ በራሱ የሚሠራ ካሜራ ሐሳባችንን ከቍጥር ነፃ አውጥቶ ወደ ሰውየው እንድናዘነብል ያደርገናል ይላሉ። ተቃውሞው ክቡር ነው፤ የሬንጅፋይንደር ካሜራ ዋና ጸጋም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ሌላው ዓይነት ካሜራ፣ መስታወቱ የሚነሣው፣ ሥዕሉ በሚቀረጽባት ቅጽበት ዓይናችንን ይጋርዳል፤ በሬንጅፋይንደር መስኮት ግን ሰውየውን በዚያች ቅጽበት ሳይቀር እናየዋለን፤ ከክፈፉ ውጭ ያለውን፣ ወደ ክፈፉ ሊገባ የሚመጣውንም እናያለን። የሐርጌሳ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1988 ከጦርነት ሸሽቶ በዚሁ አገር በሀርቲሼክ ሜዳ ሲሰፍር፣ ሰፈሩም በአንድ ወቅት በዓለም ካሉት የስደተኞች ሰፈሮች ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ፣ እስከ 2004 ሲቆይ፣ በዚያ ያደገ ሕፃን ከእነዚያ ዘመናት የሚቀርለት ሥዕል ቢኖር እንግዳ ሰው ያነሣው ይሆናል። እንዲህ ያለውን ፊት የሚያነሣ ሰው ዓይኑን ለቅጽበት እንኳ ባይነሣው መልካም ነው።

ነገር ግን ለዚህ ነፃነት በራሱ የሚሠራ ካሜራ የግድ አያስፈልግም። በበጋ የጅግጅጋ ሰማይ ለብዙ ሰዓት አይለወጥም፤ ስለዚህ አንሺው ወደ ሽማግሌው ከመቅረቡ በፊት መዳፉን ሽማግሌው በተቀመጡበት ብርሃን ውስጥ ዘርግቶ መለኪያውን ያስነብበው። መዳፍ የቆዳው ቀለም ምንም ቢሆን ከመካከለኛው ግራጫ በአንድ ስቶፕ ያህል የነጣ ነው፤ ቀስቶቹ ሲስማሙ አንድ ስቶፕ ጨምሮ ያቁመው፤ ከዚያ በኋላ ቀለበቱን ሳይነካ ስለ ግመሎቻቸው፣ ስለ ዝናሙና ስለ ልጆቻቸው እየተጨዋወተ ማንሣት ይችላል። ነጩ ግንብ ከኋላ ቢመጣ፣ መኪና መብራቱን ይዞ ቢያልፍ፣ በራሱ የሚሠራው ካሜራ ይናወጣል፤ በእጅ ልኩ የቆመለት ካሜራ ግን ለፊቱ የተሰጠውን ብርሃን ለሌላ አያስነጥቅም።

ከቶጎ ጫሌ ወይም ከአውበሬ ተነሥቶ ይህን ሥራ ሊጀምር የሚያስብ ወጣት ቢጠይቀኝ፣ ውዱን ቦዲ ትቶ ምክር ብቻ የሚሰጠውን ርካሹን እንዲገዛ፣ በተረፈው ገንዘብም ኔጋቲቭ ፊልምና መለዋወጫ ባትሪ እንዲይዝ እነግረዋለሁ። ኔጋቲቭ ፊልም የበዛ ብርሃንን ይታገሣል፣ ያነሰ ብርሃንን ግን አይታገሥም፤ በጥላ ላለ ፊት የሚበቃውን ብርሃን ሲሰጡት ከኋላ ያለው የጅግጅጋ ሰማይ ብዙውን ጊዜ ይነጣል፣ ደመናውም ይጠፋል። ሁለቱን በአንድ ፍሬም ማዳን ካልተቻለ ለፊቱ ይስጥ፤ ሰማዩን መልሶ ለብቻው ማንሣት ይችላል።